የመጀመሪያው ቀን መስኮት

በሰው ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆሟል። ፎቶ አንሺው ነው። ዓይን በጣም ከቅርብ ሲነሳ፣ ያ ጥርት ያለው የፊት ሽፋኑ ልክ እንደ ማንኪያ ጀርባ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ አጉብጦ ያሳያል፤ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ ካሜራውን፣ ከካሜራው ኋላም አፉን ከፍቶ የቆመውን ወንድሜን። የእኔ ሥራ እሱን ማጥፋት ነበር። እሱ ያነሳል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እሱን ከሰው ዓይን ውስጥ አወጣዋለሁ። «ከሰው ዓይን ያውጣችሁ» ብሎ የሚመርቅ ብዙ ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው የሚያወጣ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ያንሰኛል። ቤት ውስጥ «ሊቁ» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣችለት እናታችን ናት፤ በስድስት ዓመቱ የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅተው «ድሮም ልክ አልነበረም» ስላላት ነው። ዛሬም ያው ነው። ምንም ነገር ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚላችሁ «አውቃለሁ» ነው።

እናታችን የምታየው በአንድ ዓይኗ ነበር። ግራውን በልጅነቷ የእንጨት ስንጥር አጥፍቶባታል። ቀኙ ግን ለሁለት የሚበቃ ዓይን ነበር፤ ስድሳ ካለፋት በኋላ እንኳ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ከታች የሚያልፈውን ሰው «የጫማህ ክር ተፈቷል» ብላ ትጮህበታለች። ልብስ ሰፊ ነበረች። እኔንም ሊቁንም ያሳደገችን በዚያች በአንዷ ዓይኗ ነው።

አንድ ጠባይ ነበራት። ሰው ሲያጠፋ ታያለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ያ ሰው ራሱ እስኪነግራት ትጠብቃለች። ታናሽ እህቷ፣ አክስታችን፣ አንድ ጊዜ የእናቴን የክት ሳህን ሰብራ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ ጣለችው። እናቴ ጋዜጣውን ቆሻሻ ውስጥ አገኘችው። አልተናገረችም። አክስቴም አላነሳችውም፤ ሰላምታቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀዘቀዘ ሄዶ በመጨረሻ ዓይንና ናጫ ሆኑ። በአሥራ አንደኛው ዓመት አክስቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችና «ያንን ሳህን እኮ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች። እናቴ «ጎሽ፤ ዘገየሽ እንጂ» አለቻትና ሻይ ጣደችላት። ይህን እያነሳን ስንስቅ ነው የኖርነው። ከሳቅ ሌላ ትምህርትም እንዳለው ማወቅ ነበረብኝ።

እንግዲህ ያቺን አንዷን ዓይኗን ሞራ ያዛት። ወደ ሐኪም የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ነገር የማታስውብ ሴት ናት። በመሣሪያዋ አየቻትና «ሞራው እያበጠ ነው፣ እማማ» አለች። «በጊዜው ከመጡ ቀላል ነው፤ እሱን አውጥተን በምትኩ ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ እንከትልዎታለን። ከዘገየ ግን የዓይንዎን ውኃ መውጫ ይዘጋዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ የዓይንዎን ነርቭ ይገድላል። የሞተ ነርቭ የሚያስነሳ ሐኪም የለም። መጠባበቂያ ዓይን ደግሞ የለዎትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት፣ ወይ የፊቱ ሽፋን ጭጋግ የለበሰ መስታወት ከመሰለሽ ቀጠሮ እንዳትጠብቂ። በዚያው ቀን ይዘሻት ነዪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ማስታወሻ ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ «ጭጋግ የለበሰ መስታወት» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ለኦፕራሲዮኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ተቀጠረልን።

በዚያው ሳምንት ባለመነጽሩ መጣ። እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ትልቅ የመነጽር መደብር አለው። ከመደብሩ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሞላ የአንዲት አሮጊት ዓይን ፎቶ ፈለገ፤ ዓይኗ ውስጥ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የእሱ መነጽር እንዲታይ። ሊቁ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ «የእማ ዓይን ነው የሚሆነው» አለ። እኔም ተስማማሁ። አልደብቅም፤ ፈልጌዋለሁ። የእኔ ሥራ ጥሩ የሚባለው ሳይታይ ሲቀር ነው። አንድ ጊዜ እንኳ የሠራሁት ነገር ቤት የሚያህል ሆኖ ሰው አንገቱን አቅንቶ እንዲያየው ተመኘሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ያነሳነው፣ ለማክሰኞ ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ባለ አራት መስታወቱ መስኮት ፊት ለፊት አስቀመጥናት። ሊቁ ከአሮጌ ወንበር እግር የአገጭ ማሳረፊያ ሠርቶላት ነበር። ነጸብራቁ ውስጥ እንዳንጎላ ሁለታችንም ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ለብሰናል፤ ካሜራውም መሐሉ የተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። እናቴ አየችንና «ምነው ልጆቼ፣ ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጣችሁልኝ?» አለች። ሳቅን።

ሌንሱ ከዓይኗ አንድ ስንዝር ያህል ነው የሚርቀው። እዚያ ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ሽፋሽፍቷ ሲጠራ መስኮቱ ይደበዝዛል፣ መስኮቱ ሲጠራ ሽፋሽፍቷ ይጠፋል። ስለዚህ ሊቁ ካሜራውን በብሎን እያዞረ በፀጉር ስፋት፣ በፀጉር ስፋት ወደ ፊት እየገፋ አርባ ጊዜ ያነሳል፤ እኔ በኋላ ከእያንዳንዱ የጠራውን መርጬ እደርበዋለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ ንቅንቅ ማለት የለባትም። የላይኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቴ ደግፌ ይዤ «እማ፣ እንዳትነቃነቂ» እላታለሁ። እሷም አትነቃነቅም። አርባ ዓመት ሰው ሲለካ ቀጥ በል ስትል የኖረች ሴት ናት።

ፎቶው ግሩም ወጣ። አራቱ መስታወቶች፣ መሐላቸው ያለው መስቀለኛ እንጨት፣ ከውጭ ሽቦ ላይ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ዓይኗ ውስጥ ነበር። ብሌኗ ብቻ በሞራው ግራጫ ሆኗል። እሱን በአሥር ደቂቃ አጠቆርኩት። ባለመነጽሩ ግን አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ደቅኖ «መነጽሬ የታለ?» አለ። እውነቱን ነው፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጥነው መነጽር ጉንዳን አክሎ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ትልልቅ አዲስ መነጽሮች እንደሚገቡለት ነገረንና ያኔ እንድንደግመው አዘዘን።

ችግሩ ማክሰኞ መሐል መግባቱ ነበር። ሊቁ በስልክ «እትዬ፣ ኦፕራሲዮን ከሆነች አለቀልን» አለኝ። «ያ የሚከቱት ፕላስቲክ ብሌኗ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ያብለጨልጫል፣ ምንም ብታደርጊ አይወጣልሽም። ቀጠሮውን ትንሽ ግፊው።»

«ዓይኗ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሞራ ነው፣ እየሮጠ አይመጣም።»

ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። ማክሰኞን ከለቀቅን የሚገኘው ቀን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው አሉኝ። በዚያች ሰዓት «እንግዲያው ይቅር፣ ማክሰኞ እንመጣለን» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ይተላለፍ ብዬ እሺ አልኩ። ሳሎን ገብቼ ለእናቴ ያንን ዓይን ያወጣ ውሸት ነገርኳት፤ «እማ፣ ሆስፒታሉ ሥራ በዝቶበት ቀጠሮሽን አስተላለፉት።»

እናቴ የያዘችውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እነሱ ናቸው ያስተላለፉት?»

«አዎ።»

«እነሱ ራሳቸው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አልኳት። ማንም «ማዪልኝ» አላለኝም። አፌ ላይ የመጣልኝ መሐላ እሱ ነበር።

«እንግዲያው እሺ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጨዋ ሆነችብኝ። ውኃ ሳቀብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች። ወንበር ስስብላት «ምነው ደከምሽ» ትለኛለች። ልክ እንደ እንግዳ። ዕድሜ ነው፣ ዓይኗ ስለደከመ ከፍቷት ነው ብዬ አለፍኩት።

አዲሱ መነጽር ሲመጣ መስኮቱ ላይ በስስ ክር አንጠልጥለን ሁለተኛውን ቀን አነሳን። እናቴ ፊቷ ገርጥቷል። ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ ነበር የጠበቀችን።

«ራስሽን ያምሻል እንዴ?» አልኳት።

«ምን ያመኛል።»

«ዓይንሽ ቀላ ብሏል። አሽተሽው ነው?»

«ይሆናል።»

ሥራው አስቸጋሪ ነበር። ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ ሊቁ ደግሞ በየመሐሉ ይነጫነጫል። «እማ፣ እንዳትነቃነቂ» እያልኩ ቆቧን ያዝኩላት፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስንጨርስ ከማሳረፊያው ላይ አገጯን አነሳችና «የምትፈልጉትን አገኛችሁ?» አለች። አዎ አልናት።

በማግስቱ ጠዋት ፋይሎቹን ከፈትኩ። መነጽሩ እንዳማረበት ቁጭ ብሏል። መስኮቱ ግን ፈርሷል። የመስታወቶቹ ጠርዝ አይጥ እንደበላው ተሸራርፏል፣ መስቀለኛው እንጨት እዚህም እዚያም ተቆራርጧል፣ በሁሉም ላይ እንፋሎት የተረጨ ይመስላል። አርባውንም አየሁ፤ አንድ ደህና የለም። ሊቁን ረገምኩትና ደወልኩለት። «ሌንሱ ላይ ተንፍሰህበታል እንዴ? ወይስ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀመረ?»

«ሌንሱ ንጹህ ነው» አለኝ። ለአንድ ጊዜ እውነቱን ነበር።

ሽፋሽፍቷ ጥርት ብሎ ነበር እኮ! አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌንሱ ቆሽሾ ቢሆን፣ ካሜራው ተነቃንቆ ቢሆን፣ ሽፋሽፍቷም አብሮ በደበዘዘ። የተበላሸው መስኮቱ የሚታይበት ነገር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ዓይኗ ነው። ይህን አንድ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ቡናዬን እየጠጣሁ በሁለት ቃል የማስረዳው ነገር ነው። እኔ ግን ያየሁት የተበላሸ ፎቶ ነው። የተበላሸ ፎቶ ሳይ ደግሞ እጄ ከእኔ ይቀድማል። የመጀመሪያውን ቀን መስኮት ከነሽቦው ከነልብሱ ቆርጬ አመጣሁና በፈረሰው ላይ ለጠፍኩት። ቀዩን ነጭ አደረግሁት። ግራጫውን አጠቆርኩት። ሊቁን አወጣሁ፣ ራሴንም አወጣሁ። ሲያልቅ የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ሆነ። ማስታወሻ ደብተሩ በዚያች ሰዓት ከክንዴ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ፎቶ ከተነሳች በአምስተኛው ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አስመልሷታል፣ ላብ አጥምቋታል፣ ቀኝ ዓይኗን በቡጢዋ ተጭናዋለች። ሆስፒታል ሳደርሳት ሐኪሟ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ጫን አድርጋ «ግፊቱ ጨምሮ ድንጋይ ሆኗል» አለች። በመርፌ፣ በጠብታ፣ በኦፕራሲዮን የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። ሞራው ወጣ። ሌንሱም ገባ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪሟ ትንሿን ባትሪ ዓይኗ ላይ አብርታ «መብራቱ ይታይዎታል?» አለቻት።

«በየት በኩል ነው ያበራሽው?» አለች እናቴ።

ሐኪሟ ባትሪዋን አጠፋች። ከዚያ «እማማ፣ ይህን ሕመም እኮ ቀናት ተሸክመውታል። እንዴት ቻሉት?» አለች። «ደግሞስ ማክሰኞ አልነበረም እንዴ ቀጠሮዎ?»

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ቦታዬን አልሳተችም። «እሷ ትንገርሽ» አለች።

«ተላልፎ ነው» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ሐኪሟ መዝገቡን ገለጠች፣ አነበበች፣ አየችኝ፣ መዝገቡን ዘጋች። እናቴ የሆነ ነገር እንደጠበቀች ሰው ትንሽ ቆየችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለማን እንዳለች አላወቅሁም።

ከሊቁ ጋር ተጣላን። «ፎቶውን ከፍተሽ ያየሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ቀጠሮውን ያስገፋኸኝ አንተ ነህ» አልኩት። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ምን ዋጋ አለው። አሁን እናቴ ቤት ሲመጣ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስመጣ እሱ ይወጣል።

ያልተነካውን ፋይል አላጠፋሁትም። አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። በፈረሰው መስኮት መሐል ጥቁር የለበሰች ሴት አለች፤ አንድ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ የእናቴን የዓይን ቆብ የያዘው እጅ ነው። ፊቴ በጭጋጉ አይለይም። ከዚያ በኋላ ያቺ ዓይን ያየችው ብዙ ነገር የለም።

ማስታወቂያው በወሩ ተሰቀለ። ባለመነጽሩ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ደስ ብሎት ለእናቴ በሚያምር ማኅደር መነጽር ላከላት። ልመልሰው ስል ከለከለችኝ። «ስጦታ አይመለስም» አለችና አደረገችው። ይኸው ከቤት በወጣች ቁጥር ታደርገዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ያያታል።

ባለፈው ሐሙስ የዓይን ጠብታዋን ልናመጣ ክንዷን ይዤ በዚያ መታጠፊያ አለፍን። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በሌላ በወሰድኳት። መኪኖቹ ፍሬን ሲይዙ ሰማችና ቆመች።

«እዚህ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማ።»

ሁለት ወጣቶች አጠገባችን ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። አንደኛው «ወይ ዓይን! ዓይን እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። እናቴ ፈገግ አለች።

«እስቲ ምን ምን እንዳለበት ንገሪኝ» አለችኝ።

«ሽፋሽፍትሽ አለ። መነጽሩ አለ። መስኮቱ አለ።»

«መስኮቱ ደህና ነው?»

ቀና ብዬ አየሁት። አራቱም መስታወት ጥርት ብሎ፣ ሽቦው ላይ ያለው ልብስ ሳይቀር። «መስኮቱ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ እማ» አልኳት። «የሁለተኛው ቀን ፈርሶ ነበር። ዓይንሽ ታሞ ነው የፈረሰው። አይቼዋለሁ። አይቼው የሊቁ ጥፋት መሰለኝና የድሮውን ለጠፍኩበት። ቀጠሮውንም እነሱ አይደሉም ያስተላለፉት። እኔ ነኝ። ለዚህ ፎቶ ብዬ ነው።» ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነበር፣ ወጣቶቹም ዞር ብለው ሄዱ።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። የሻርፗን ጫፍ ይዛ መስታወቱን ቀስ ብላ ጠረገችው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

«ኮሪደሩ ላይ ስትደውዪ ሰምቼሽ ነበር» አለች። «ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬን ምን ነክቶት።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ። መሐላ እንኳ ማልሽልኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያመመኝ ጊዜም፣ እሷ ቀጠሮዬን ከደበቀችኝ እኔም ሕመሜን እደብቃታለሁ አልኩ። ስትነግረኝ እነግራታለሁ አልኩ። ፎቶ ስታነሱኝ ዓይኔን በቢላ የሚቆርጡት ያህል ነበር።»

«በዓይንሽ፣ እማ? በዓይንሽ እልህ ተጋባሽ?»

«በምን ልጋባ? እሱ ብቻ ነው የነበረኝ።»

የትራፊክ መብራቱ ተቀይሮ እግረኛው መሻገር ጀመረ። እኛ ቆመናል።

«ዘገየሽ» አለችኝ።

«ጎሽ» የሚለውን ጠበቅሁ። አላለችውም። መነጽሯን መልሳ አደረገችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ መንገዱን አሻገርኳት። ማዶ ስንደርስ እጇን ከእጄ አወጣችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።